በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?

መካኒሳ አቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽልኝ? እጅግ በጣም እንደምን ሰነበትሽ? የአሰላ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጾሙስ? ሁዳዴ በገባ ቁጥር ጨጓራሽ እንደሚነሳብሽ ስለማውቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ ቆመሽ በሽተኛ ስትቀበዪ ይታየኛል። እባክሽ ራስሽን አትጉጂ። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከማመሙ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ባለቤቴ ብዬ ስጀምር ፊትሽን እንደምታኮሳትሪ አውቃለሁ። መጀመሪያ ለቀድሞ ባለቤቴ ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ደግሜ ሳነበው አስጠላኝና ወረቀቱን ቀደድኩት። ምን አድርገን ነው ቀድሞ የምንባለው? በሽማግሌ ፊት አልተፋታን፣ ፍርድ ቤት አልቆምን። አንቺ ዝውውር ጠይቀሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ፣ እኔ እዚህ ቀረሁ፣ አራት ዓመት ሆነ፤ ሌላ ምንም የለም። ደግሞ እንዳለፉት ደብዳቤዎቼ ልለምንሽ ነው ብለሽ ሳታነቢ እንዳታስቀምጪው። ዛሬ ልመና የለም። ወሬ ነው ያለኝ፣ እሱም ካንቺ በቀር ለማንም ቢወራ የማይጥም ወሬ ነው።

ከአቦ ቁልቁል ስትወርጂ የቀበሌው የእህል መጋዘን የነበረው ቆርቆሮ ቤት ትዝ ይልሻል? አሁን ጤና ጣቢያ ሆኗል። ያውም እንደሌላው አይደለም። ባለፈው ኅዳር መቅደላዊት የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅ ከክልሉ ጤና ቢሮ መጥታ አዳራሽ ሰበሰበችን። በዚህ ቀበሌ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ሀብታም ሆነ ድሃ፣ ካርድ ወስዶ ሳይከፍል ይታከማል፤ ወጪው ከመንግሥት በጀት ነው፤ እናንተን ለሙከራ መርጠናችኋል፤ እዚህ ከሠራ ለከተማው ሁሉ ይደርሳል አለችን። ይሄን ጊዜ አዳራሹ እልል ማለት አልነበረበትም? አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበም። የኛ ሰፈር ሰው ነፃ የሚል ቃል ከመንግሥት አፍ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ኪሱን መዳበስ ነው።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ወጋየሁ፣ ያው የምታውቂው፣ ቀበቶውን ሽቅብ ጎተት አደረገና ተነሳ። ለድሃው ይሁን፣ ባለወፍጮው ግን ምን ጎድሎበት ነው በነፃ የሚታከመው ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ቀጭን ናት እንጂ አፏስ ወፍራም ነው። ለድሃ ብቻ ተብሎ የተሠራ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚጮህለት አያገኝም፤ ባለወፍጮውም ልጁን እዚያው የሚያሳክም ከሆነ ግን መድኃኒት የጠፋ ቀን ቢሮ ድረስ መጥቶ የእኔን በር የሚደበድበው እሱ ነው አለችው። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል ሲሏት ደግሞ ከናንተው ነው አለች። ስኳር ስትገዙ፣ ጨርቅ ስታስቀድዱ፣ አውቶቡስ ስትሳፈሩ ግብር ስትከፍሉ ኖራችኋል፤ አሁን ከከፈላችሁት ትንሽ ልንመልስላችሁ ነው ብላ ቁጭ አለች። ያ የድህነት ወረቀትም ቀረ ማለት ነው። ሦስት ምስክር አቁመሽ ይህች ሴት በእርግጥ ምንም የላትም ተብሎ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት! አንቺ ያን ወረቀት ያላመጣ በሽተኛ እየመለስሽ ስንት ጊዜ ነው ያለቀስሽው።

እኔ ግን ልንገርሽ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ደሜ ይፈላ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ሰፈር ዶክተር ምትኩ እያለ ሲጠራኝ ኖሯል። ቁስል አጣቢ ድሬሰር እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ዶክተር ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ! ልጅ ሲያተኩሰው ዶክተር ምትኩ፣ አሮጊት ሲቆረጥማት ዶክተር ምትኩ፤ እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከች። አሁን ይቺ የትናንት ልጅ መጥታ በአንድ ስብሰባ ከእንጀራዬ ልታፈናቅለኝ ነው አልኩ። ይሄ ነገር በበጋ እንደተዘራ ጎመን ይደርቃል እያልኩ ለባለሱቁ ለጀማሉዲን ስነግረው፣ እሱ ዳማውን እየደረደረ፣ አይ ምትኩ፣ ሰው በነፃ ይዳን ሲባል የሚያለቅስ ሐኪም ያየሁት ባንተ ነው ብሎ ሳቀብኝ። አኮረፍኩት። ሁለት ቀን ሱቁ ደጃፍ አልደረስኩም።

ከዚያ ምዝገባው ተጀመረ። መድኃኒቱም፣ ነርሱም፣ ካርዱም የሚመደበው በሰው ቁጥር ነውና መቅደላዊት ክላሴሯን ታቅፋ ከወጋየሁ ጋር ቤት ለቤት ዞረች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል? አይ ልጅቷ! ይህን ጥያቄ በዚህ ሰፈር መጨረሻ የጠየቀው ማን እንደነበር ማን ይንገራት? በአፈሳው ጊዜ የቀበሌ ሰው እንደዚሁ ክላሴር ይዞ፣ እንደዚሁ በትሕትና ስንት ናችሁ ብሎ ወንዶቹን መዝግቦ ሄዶ፣ በሳምንቱ ለጦር ሜዳ ሊጭናቸው የሚመለሰው በጭነት መኪና ነበር። ደርግ ከወደቀ አራት ዓመት ሊሞላው ነው ብትያቸው ማን ይሰማሻል? ክላሴር ያየች እናት እግሯ በራሱ ጊዜ ወደ ጓዳ ይሮጣል።

ከአጥራችን ጀርባ ያለችውን ተሾመችን ታስታውሻለሽ፤ እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዙ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት። መቅደላዊት ስትጠይቃት፣ ብቻዬን ነኝ ልጄ፣ እኔና ድመቴ ነን አለች። በሩ ላይ ሦስት ጥንድ የወንድ ጫማ ተደርድሯል። ልጅቷ ወደ ጫማው ስታይ ጊዜ፣ የሟቹ ባለቤቴ ናቸው አለቻት። ሦስቱም? ሦስቱም፤ ነፍሳቸውን ይማረውና ጫማ ይወዱ ነበር። ባልየው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ በረባሶ እንደኖረ አንቺም እኔም እናውቃለን። ወጋየሁ ደግሞ የሦስቱንም ልጆች ክርስትና የበላ ሰው፣ ሳል ሳል አለው እንጂ ትንፍሽ አላለም። ምን ብሎ ይናገር? እሱ ራሱ ሁለት ልጆቹን አላስመዘገበም! ጀማሉዲንም ቢሆን ያ ሁሉ ሳቁ እያለ፣ አብሮት የሚኖረውን ታናሽ ወንድሙን ዘሎታል።

በዚህ ዓይነት ሰፈሩ ተቆጥሮ ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም ተባለ። በየቤቱ በትክክል ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። እንዴት አላውቅ? ሁሉንም ወግቻቸዋለሁ። የሰው ፊት ሊምታታብኝ ይችላል፣ የወጋሁት መቀመጫ ግን አይጠፋኝም። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው! በየጓዳው፣ በየቆጡ ሥር ተደብቀው የወጋኋቸውን ልጆች ስም ከነዕድሜያቸው አንድ በአንድ ልቆጥርልሽ እችል ነበር። ግን አፌን ዘጋሁ። መጠቆም ነውር ነው፣ እኔ ጠቋሚ አይደለሁም አልኩ ለራሴ። ቆንጆ ሰበብ ነው፣ አይደል?

ጤና ጣቢያው በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ተከፈተ። እኔም ልሰልል ሄድኩና ከበሽተኛ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ካርድ የምትጠራዋ ልጅ ብቅ ብላ ተሾመች ብላ ተጣራች። ማን ተነሳ መሰለሽ? የተሾመች መካከለኛው ልጅ፣ ያ ባለጢሙ! ለካ ልጆቹ ካርድ ስለሌላቸው እናቱ የራሷን ሰጥታ ልካው ነው። ጠሪዋ ካርዱን አየች፣ ልጁን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየች። ሴት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ደም ብዛት ያለባት ይላል። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሰሞኑን ትንሽ ተሽሎኛል አላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሆዴን ይዤ ወጣሁ፣ መንገድ ላይም ብቻዬን ስስቅ ሰው እንደ እብድ ነበር የሚያየኝ። በኋላ እንደሰማሁት ግን ጉሮሮው አብጦ ለሄደው ልጅ የደም ብዛት ክኒን ሊሰጡት ትንሽ ነበር የቀራቸው፤ ይሄንን ስሰማ ሳቁ ጠፋብኝ።

እሱ ብቻ አይደለም። አባት በልጁ ካርድ፣ እህት በወንድሟ ካርድ ሲጎርፍ፣ ለሁለት ሺህ የመጣው መድኃኒት ጥር ሳይጋመስ አለቀ። ነርሷ ነገ ኑ፣ ሳምንት ኑ ማለት ጀመረች። መቅደላዊትም ወጋየሁን ጠርታ፣ ቁጥሩ እስከ መጋቢት ካልተስተካከለ ቢሮው ሙከራውን ወደ ሌላ ቀበሌ ያዛውረዋል ብላ ነገረችው።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልተናገርኩም። መድኃኒት አለቀ ሲባል ደስ አለኝ። ይኸው፣ አላልኩም ነበር አልኩ። ጠዋት በሬን ስከፍት እንደ ድሮው ሰው ተኮልኩሎ አገኘሁ፤ ዶክተር፣ ዶክተር ሲሉኝ ደረቴን ነፋሁ፣ መርፌዬን ቀቀልኩ። አፌን ዘግቼ ብቆይ ጤና ጣቢያው በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ ብናገር ግን እኔ ሥራ ፈት ነኝ። ይህንን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ የዚያን ጊዜ ሻንጣሽን እያሰርሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ፤ ሳትመረምር ትወጋለህ፣ ሁሉንም በአንድ መርፌ ትወጋለህ፣ አንድ ቀን በሰው ልጅ ሕይወት ትጫወታለህ፣ ከመርፌህና ከኔ ምረጥ አልሽኝ። እኔም ጅሉ በምን ልበላ ነው ብዬ መለስኩልሽ። ጥር ላይ ያ መልሴ ትዝ ይለኝ ነበር፣ ግን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

በየካቲት መጀመሪያ ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ ተሾመች ነጠላዋ መሬት እየጎተተ መጣች። ትንሹ ልጇ፣ ደምሰው፣ ሁለት ቀን አተኩሶታል፣ ራሱን ፈልጦታል፣ ና ውጋልኝ አለች። ለምን ጤና ጣቢያ አልወሰድሽውም ስላት፣ በማን ካርድ አለችኝ። የኔውን እንደሆነ ነቅተውበታል፤ ደግሞ አለ ብዬ ካስመዘገብኩ በኋላ መኪና ይዘው ቢመጡስ? ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ። ልጁ በጓዳ ጨለማ ውስጥ ተኝቷል፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ወጣት፣ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የወጋሁት ልጅ። ፔኒሲሊኑን ሳብኩ፣ ጥጡን በአልኮል ነከርኩ፣ ዙር አልኩት። ሊዞር ሲል አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ አየሁት። አገጭህን ደረትህ ላይ አድርግ እስቲ ብለው አልቻለም። ብርሃን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል።

ይህ የማጅራት ገትር ምልክት መሆኑን ስንቴ አስተምረሽኝ ነበር! መርፌው እጄ ላይ ሆኖ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ብወጋው ተሾመች እግሬን ስማ ትመርቀኛለች፣ ለአንድ ቀን ትኩሳቱም በረድ ይልለት ይሆናል፣ በማግስቱ ደግሞ ልጁ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንቱን እንዲህ ባለው ቀን ወግቼ አልፌው ይሆን? ይህችን ጥያቄ አንቺ ስትጠይቂኝ ነበር የምቆጣው፤ ዕለቱን ራሴን ጠየቅኩት፣ መልሱን አላውቀውም። መርፌውን ሳልወጋ ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ልጁን ተሸከምኩት።

ደጅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ጀማሉዲን ከሱቁ አይቶኝ እየሮጠ መጣ። የረመዳን ጾም ላይ ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ አንድም ቃል ሳይጠይቅ ልጁን ከኔ ተቀብሎ በዚያ ፀሐይ ቁልቁል ተሸክሞት ወረደ። ተሾመች ከኋላ እየሮጠች እባካችሁ ይመዘግቡብኛል፣ ስሙን እንዳትናገሩ ትላለች። ጤና ጣቢያ በር ላይ ካርድ ሲሉኝ ያን ያህል የሚጮህ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ደምሰው ይባላል፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የተሾመች ልጅ ነው፣ ማጅራት ገትር ይዞታል፣ መጀመሪያ አክሙት ከዚያ መዝግቡት አልኩ። ወዲያው ተቀብለው መድኃኒት ጀመሩለት፣ በመኪናቸው ወደ ሆስፒታል ላኩት። ነርሷ ስትመለስ ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ልጁ ተርፏል። ዛሬ ጠዋት በደጄ ሲያልፍ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ብሎኝ ሄደ፤ ዶክተር አላለኝም፣ እኔም አልከፋኝም።

ቢሮው የመጨረሻ ብሎ የጠራው ስብሰባ የቅበላ እሑድ ነበር። ሰው ሁሉ ሥጋው ቤቱ እየጠበቀው ስለነበር ፊቱን አጥቁሮ ነው የመጣው። መቅደላዊት ደክሟታል። ቁጥራችሁን ካልነገራችሁኝ የምናክማችሁ በምን ነው፣ ነገ ለቢሮው ምን ብዬ ልጻፍ አለች። ወጋየሁ ቀበቶውን ጎተተና ወደ በሩ አየ። እኔ ልነሳ ስል አንድ ሰው ቀደመኝ። ተሾመች ናት። ከመካከል ብድግ ብላ ነጠላዋን አደገደገችና፣ ሦስት ልጆች አሉኝ ብላ ጮኸች። ሦስት! ወንዶች! ድመቴን ሰርዢልኝና ልጆቼን ጻፊልኝ። በአፈሳው ጊዜ በጎታ ውስጥ ደብቄ ያሳደግኳቸው ናቸው፣ ስማቸውን በሰው ፊት ጮክ ብዬ ከጠራሁ ስንት ዘመኔ ነው አለችና ሦስቱንም ከነአባታቸው ስም ጠራቻቸው። ሦስተኛውን፣ ደምሰውን፣ ሁለት ጊዜ ጠራችው።

ኧረ እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ! አዳራሹ ተነቃነቀ። ከወዲያ አንዷ ተነስታ እኔም ሁለት አሉኝ አለች፤ ከወዲህ ሌላዋ እኔ አራት! አባቶች ሳይቀሩ እንደ ጨረታ እየተነሱ ልጅ ያወጣሉ። ጀማሉዲን እጁን አውጥቶ ወንድሜን ዘልዬ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ ብሎ አስጻፈ። ወጋየሁ ሊቀመንበር ነውና በክብር ተነሳ፤ እኔም በሥራ ብዛት የተዘነጉ ሁለት ልጆች አሉኝ ሲል የሳቁ ጩኸት ጎፋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እናቶቹ እያለቀሱ ይስቃሉ። ያ ሁሉ ዓመት አፍነው የያዙትን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ምን ያህል እንደናፈቃቸው ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔም ዓይኔን በእጅጌዬ ስጠርግ ጀማሉዲን አይቶኛል፣ እስካሁን ይቀልድብኛል።

ከዚያ እኔ ተነሳሁ። እኔ ማንንም አልጠቁምም አልኩ፤ ከነገ ጀምሮ ግን ከዚህች ልጅ ጋር ቤት ለቤት እዞራለሁ፣ ሁላችሁንም ወግቻችኋለሁና ቁጥራችሁን አውቃለሁ፤ የጎደለ ሰው ካለ ራሳችሁ እስክትናገሩ ድረስ ከበራችሁ ላይ ንቅንቅ አልልም። ሁለት ሳምንት ዞርን። አንዲት ባልቴት አምስት ነን ሲሉ፣ እማማ፣ ያ ግራ እግሩ ላይ ቁስል የነበረበት ረጅሙስ አልኳቸው። አንተ ሰይጣን፣ ስድስት ነን አሉ። በሌላ ቤት የቤት ሠራተኛዋን ሰው ብለው አልቆጠሯትም ነበር፤ ሳህን እያጠበች ቀና አላለችም። እኔ ተቆጣሁ፤ ይቺ ልጅ ሰኔ ላይ ስትታመም ያከምኳት እኔ አይደለሁም እንዴ አልኩ። ስሟን ራሷ እንድትናገር አደረግን፤ ውዳሴ አለች፣ መቅደላዊትም ጻፈቻት። እንዲህ እንዲህ እያልን ከሰባት መቶ የሚበልጥ ሰው ከምድር ፈለቀ። መድኃኒቱ በአዲሱ ቁጥር ባለፈው ሳምንት መጥቷል፣ ጤና ጣቢያውም እዚሁ ይቆያል ተብሏል።

የኔን ነገር ትጠይቂኝ ይሆናል። የመርፌ መቀቀያዬንም ሲሪንጆቼንም ለጤና ጣቢያው አስረክቤያለሁ። መርፌ ክፍል ቀጥረውኛል። ሐኪም መርምሮ በወረቀት ካላዘዘ መርፌ አላነሳም፤ ሰው ለምኖኝ ቢያለቅስም አላነሳም። የኔ አለቃ አንዲት ነርስ ናት፣ በየቀኑ እጅህን ታጠብ ትለኛለች፣ እሺ እላታለሁ። እኔ እሺ ስል አስቢ! አንዲት ነርስ ብቻ ደግሞ ስላልበቃች ሌላ እየፈለጉ ነው፣ ቦታው እስካሁን ክፍት ነው። ወሬ ነው የማወራሽ።

ባለፈው ዓርብ መዝገቡ ሊዘጋ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀመጥን፤ መቅደላዊት፣ ወጋየሁ፣ ጀማሉዲንና እኔ። የመጨረሻው ቤት የኔ ነበር። በሰው በር ላይ እየቆምኩ አትዋሹ ስል ስለከረምኩ እኔን ማንም አልመዘገበኝም። ልጅቷ ብዕሯን አንስታ፣ እንግዲህ ጋሼ፣ በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን ሁለት የሚል ነበር።

ወጋየሁ ሳለ። ጀማሉዲን ጣሪያውን ማየት ጀመረ። መቅደላዊት ብዕሯን እንደያዘች አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች። የሁለተኛዋን ሰው ስም ጠየቀችኝ፣ ስምሽን ነገርኳት። ሥራ፤ ነርስ። ዕድሜ ስትለኝ አራት ዓመት ቀነስኩልሽ፤ ያለ እኔ የኖርሽው አይቆጠርም ብዬ ነው። አሁን የት ናቸው ስትለኝ፣ ለሥራ ወጣ ብላለች አልኳት፤ ይሄ ውሸት አይደለም። ካርድሽ ተዘጋጅቶ እኔ ዘንድ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተቆጣጣሪዎች ከቢሮ መጥተው በየቤቱ እየገቡ እያንዳንዱን ሰው በዓይናቸው ያያሉ። አንድ የውሸት ስም ከተገኘ ግን የሰፈሩ ቁጥር ሁሉ ይጠረጠራል ብላናለች መቅደላዊት።

እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። የሚያሳስበኝ የሰፈሩ ሕዝብ ነው፣ የተሾመች ልጆች ናቸው። ከአሰላ የሚመጣው አውቶቡስ ዓርብና ቅዳሜ እንደ ድሮው አሥር ሰዓት ላይ ይገባል፤ እኔም በሁለቱም ቀን በዚያ ሰዓት ሥራ የለኝም።

እግዚአብሔር ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስሽ። ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። ጨጓራሽን አቦ ይጠብቅልኝ።

አክባሪሽ፣
በዚህ ቤት ከሚኖሩት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ